የሽመላው መሠረት

ሺሚዙ፣ ጃፓን
ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለመዲና መስዑድ፤ ባሕር ዳር።

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ሰላምሽን ያብዛው፤ ለአባባም ጤናቸውን ይመልስላቸው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ከብርዱ በቀር የሚያስከፋኝ የለም።

አባባ ወድቀው ዳሌያቸው መሰበሩን የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። ከስብራቱ ይልቅ «እንግዲህ ውኃ ዳር መውረድ አይችሉም» ያልሽው አስደነገጠኝ። አባባ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው አይቼ አላውቅም። በዒድ ቀን እንኳ ከሶላት መልስ የታንኳ መሥሪያ ደንገላቸውን ፀሐይ ላይ ሲያገላብጡ ነው የማውቃቸው። እጃቸው ግን ደኅና ነው ብለሻል። ስለዚህ ለእጃቸው ሥራ ልኬያለሁ።

እዚህ የጀልባ ንድፍ የሚያስተምሩን ሚስተር ኦካዳ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። በዚህ አገር ወረቀት ማጠፍ የልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ አዋቂውም ይራቀቅበታል። እኒህ ሰው ከአንድ ካሬ ወረቀት፣ ሳይቆርጡ ሳያጣብቁ፣ ሽመላ ያወጣሉ። ክንፍ አለው፣ ረጅም አንገት አለው፣ ሁለት እግር፣ በየእግሩም ሦስት ሦስት ጣት። ሳየው ደንገሉ መሃል የቆመው የኛው ሽመላ መሰለኝ። «አባቴ ታንኳ ሠሪ ናቸው፤ ይህን ብልክላቸውስ?» አልኋቸው። ደስ ብሏቸው የመስመሩን ሥዕል አዋሱኝ፤ እኔም በማስመሪያ ገልብጬ ይኸው ልኬዋለሁ።

አነባበቡ እንዲህ ነው። የምታይው መስመር ሁሉ እጥፋት ነው። ቀዩ እንደ ተራራ ጫፍ ወደ ላይ የሚቆም፣ ሰማያዊው እንደ ሸለቆ ወደ ውስጥ የሚገባ። መጀመሪያ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ አጥፋችሁ መልሳችሁ ትዘረጉታላችሁ። ከዚያ በኋላ አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚባል ተራ የለውም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚሰበሰበው። ሲሰበሰብ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፤ ክንፉና አንገቱ፣ እግሩም የሚወጣባቸው ሹል ጫፎች ብቻ ይታያሉ። ያንን «መሠረት» ይሉታል። መሠረቱ ከተገኘ ሽመላውን ማውጣት ቀላል ነው። እንደጨረሳችሁ ጻፊልኝ፤ ቀሪውን እልካለሁ።

ለአባባ «ልጅዎ ያሰመረውን ብቻ ይከተሉ» ብሎዎታል በይልኝ። በመጪው መስከረም ሥልጠናው ያልቃል፤ ኢንሻአላህ ከእናንተው ጋር ነኝ።

ወንድምሽ አብዱልወሃብ


ባሕር ዳር
ጥር 28 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተወደድህ ወንድሜ ለአብዱልወሃብ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ። አላህ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ፖስታው ተከፍቶ በሙጫ ተለጥፎ ነበር፤ ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ደኅና ነው።

አባባ መጀመሪያ ወረቀቱን በጨረፍታ አይተው «ይህን ለተማሪዎችሽ ስጫቸው» አሉኝ። ደብዳቤህን ሳነብላቸው ግን «አብዱ ነው ያሰመረው? በገዛ እጁ?» ብለው ተቀበሉኝ። በጣታቸው ጫፍ መስመሩን ተከትለው ተከትለው «አየሽ፣ አንዲት ቦታ እጁ አልተንቀጠቀጠም» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጃቸው ሥራ አልፈታም።

ያንተን ወረቀት ላበላሸው ብዬ ፈርቼ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እኔ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት እየፈለግሁ፣ በካውያ እየተኮስሁ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ እገለብጥላቸዋለሁ። እሳቸው በራፉ ላይ ተቀምጠው መስመሩን ሁሉ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ያጥፋሉ፤ ከማስመሪያ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው። ግን መሰብሰቡ እምቢ አለ። አንገቱ ይመጣል፣ ክንፎቹም ይመጣሉ። በእግሩ በኩል ያለው ጥግ ግን እብጥ ብሎ ይነሣል። ወረቀቱ እዚያ ጋ በራሱ ሊታጠፍ ይዳዳዋል፤ አባባ መልሰው ያቃኑታል። «ይታጠፍ ተዉት እንጂ» ብላቸው ምን አሉኝ መሰለህ? «አብዱ እዚህ ጋ አላሰመረም። በማላውቀው ሥራ ልጄን ላርመው?»

የገለበጥሁት እኔ ስለሆንሁ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ካንተው ወረቀት ጋር ሦስት ጊዜ አስተያየሁት፤ አንድም አልቀነስሁም። የት ላይ እንደተሳሳትን ገብቶህ እንደሆነ ቶሎ ጻፍልን። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄ የጀልባ ንድፍ እየተማረ ነው» እያሉ ወረቀትህን ያሳያሉ።

እህትህ መዲና


ሺሚዙ
መጋቢት 30 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመዲና፤

የአላህ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። አባባን ጉልበታቸውን ስሚልኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አባባ ሥራ በማግኘታቸው ደስ አለኝ። ይህ ነገር ለጃፓኖቹም ቀላል አይደለም፤ ስንት ወር የሚለፉበት አሉ። ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። የሲሚንቶ ወረቀትም ወፍራም ስለሆነ ሊያስቸግር ይችላል። ለማንኛውም አባባ አይቸኩሉ፤ ቀስ እያሉ ይሞክሩት።

እኔ ሰሞኑን ፈተና በዝቶብኛል፤ ስለዚህ አሳጥሬ ጻፍሁልሽ። የሥልጠናውን ነገር በተመለከተ ስድስት ወር ሊጨምሩልን ነው ይባላል። ገና አልተቆረጠም። ቢሆንም እስከ መጋቢት ብቻ ነው።

ወንድምሽ አብዱልወሃብ


ባሕር ዳር
ሰኔ 17 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብዱልወሃብ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ያሰብኸውን ያሳካልህ። ደብዳቤህ ግንቦት መጨረሻ ላይ ደረሰኝ። ቀጭን ወረቀት ነው የሚሻለው ብለሃል ብዬ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል መፈክር ከሚጻፍበት ወረቀት ትራፊ ለምኜ አመጣሁላቸው። እሱም እንደዚያው ሆነ።

አሁን የምጽፍልህን ስታነብ አትደንግጥ፤ በሰላም አልፏል።

ባለፈው ሳምንት ከክፍል ተጠርቼ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ትምህርት ቤት የገለበጥሁት አንዱ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል። ያስጠራኝ ሰውዬ ዓይኔን እያየ፦

«ይህ የምን ካርታ ነው?» አለኝ።

«ካርታ አይደለም፤ የሚታጠፍ ወረቀት ነው። ወንድሜ ከውጭ የላከው ነው።»

«ቀዩ ምንድን ነው?»

«ተራራ» አልሁት። ምላሴን በቆረጠው!

«ሰማያዊውስ?»

«ሸለቆ።»

«ተራራና ሸለቆ አለው፤ ግን ካርታ አይደለም» አለና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አጣጣፉን ላስረዳው ብሞክር ይባስ ተምታታብኝ። በመጨረሻ «ይህን የሚያጥፈው ማን ነው?» ሲለኝ «አባቴ» አልሁ። «እንግዲያው መጥቶ ያጥፈው።»

ታንኳ ይገዛን የነበረው፣ አባባ ከወደቁ ወዲህ ግን ራሱ የሚሠራው ደሞዝ የሚባለው ሰው በጀርባው አዝሎ አመጣቸው። ልጄን ልታደግ ብለው አጠፉ። አራት ሰው ከቧቸው ቆሟል። አንገቱ መጣ፣ ክንፉ መጣ። ያ ጥግ እንደ ልማዱ አብጦ ተነሣ። ዘርግተው እንደገና አጠፉ። እንደገና ተነሣ። ሦስተኛውን ሳይጨርሱ ሰውየው ከት ብሎ ሳቀና «ልቀቋቸው፤ ይህ ሽማግሌ እንኳን ሊሰልል ወረቀት ማጠፍም አቅቶታል» አለ።

እንዲህ ሆነን ወጣን። አልሐምዱሊላህ ማለት ነበረብን። በማግስቱ ግን ደሞዝ «አባ መስዑድ፣ ደንገሌ ለሥራ ደርሶ እንደሆነ በእጅዎ ይዩልኝ» ብሎ እንደወትሮው እቅፍ ደንገል ይዞ ቢመጣ አባባ «ሌላ ሰው ጠይቅ፤ ወረቀት ያቃተው እጅ ምን ይፈርዳል?» ብለው መለሱት። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ እንዲሁ ይመልሳሉ።

ወንድሜ፣ እባክህ መስመር ያለበት ወረቀት ሁለተኛ እንዳትልክ። ያለኝ ይበቃኛል። የዳሌ ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት ብታገኝ ግን ላክልን።

መዲና


ሺሚዙ
መስከረም 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመዲና፤

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ። አላህ ዘመኑን የጤና ያድርግልን።

የደረሰባችሁን አንብቤ በጣም አዘንሁ። እንዳልሽው ወረቀት አልልክም። ለአባባ የሚቀባ መድኃኒትና የሱፍ ሹራብ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬያለሁ። ማታ ማታ ዳሌያቸውን አሽላቸው።

እዚህ ያለ የጀልባ ፋብሪካ ለጥቂት ጊዜ ልምምድ እንድሠራ ጠይቆኛል። ጥሩ ዕድል ነው ይላሉ። ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ።

ወንድምሽ አብዱልወሃብ


ባሕር ዳር
ጥር 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለአብዱልወሃብ መስዑድ፤

አላህ ልብህን ያጽናው።

አባታችን ኅዳር 21 ቀን ዓርብ ረፋድ ላይ አረፉ። የሳምባ ብርድ ነው ያሉት፤ አምስት ቀን ብቻ ነው የተኙት። የዚያኑ ቀን ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ተቀበሩ። ክርስቲያኑም እስላሙም የሐይቁ ሰው ሁሉ ነበር። ደሞዝ ከደቅ ደሴት ማዶ ሰምቶ ታንኳውን እየገፋ መጣ፤ ግን ቀብሩ አመለጠው።

ቴሌግራም ላድርግ ብዬ ነበር። ብታውቀውም መድረስ አትችልም ብዬ ተውሁት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ደብዳቤውን ለመጻፍ ስንት ቀን ተቀምጬ ተነሣሁ።

ሹራቡ ደርሶ ነበር፤ ለብሰውታል።

መዲና


ሺሚዙ
መጋቢት 4 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመዲና፤

ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው። ላንቺም ብቻሽን ለተሸከምሽው ሁሉ ምንዳሽን ይክፈልሽ።

ሚስተር ኦካዳ ሐዘኔን ሰምተው መጡና «አባትህ ሽመላውን አወጡት?» ብለው ጠየቁኝ። ለእሳቸው መናገር ያልቻልሁትን ላንቺ ልጻፈው።

ጥፋቱ የአባባ እጅ አልነበረም። የወረቀቱም ውፍረት አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ጥር ላይ የጻፍሽው እንደደረሰኝ፣ «ጥጉ እብጥ ብሎ ይነሣል» ያልሽው ስላሳሰበኝ ዋናውን ሥዕል እንደገና ተዋስሁ። ከጥግ እስከ ጥግ ወረቀቱን ለሁለት የሚከፍለው መሃለኛ መስመር አለ አይደል? በእግሩ በኩል ከመጨረሻው ነጥብ እስከ ጥጉ ድረስ ሰማያዊ መስመር ይቀጥላል። እኔ እሱን አላሰመርሁትም። ያን ቀን ማስመሪያውን እዚያ ላይ እንዳስቀመጥሁ ጓደኛዬ ጠራኝ። ስመለስ ያሰመርሁት መሰለኝና አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከተትሁት።

እንግዲህ መጋቢት ላይ አውቄ ነበር። አውቄ «ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው» ብዬ ጻፍሁልሽ።

ለምን ብትይኝ፣ አፈርሁ። «ልጅዎ ያሰመረውን ብቻ ይከተሉ» ያልሁት እኔ ነኝ። ለመጣው እንግዳ ሁሉ ወረቀቴን ያሳያሉ ብለሽኛል። አንዲት መስመር በትክክል መገልበጥ ያቃተው ልጅ ጀልባ ይነድፋል ብለው እንዴት ይመኑ? አዲስና ንጹሕ ሥዕል ሠርቼ፣ «ይህ የተሻለ ነው» ብዬ፣ ስህተቱን ሳላነሣ ለመላክ አሰብሁ። ዛሬ ነገ ስል በሰኔ የጻፍሽው «ወረቀት እንዳትልክ» የሚለው ደብዳቤ መጣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እፎይ አልሁ። ሰበብ አገኘሁ። «ከመጨረሻው ነጥብ እስከ ጥጉ አንድ ሰማያዊ መስመር ጨምሩ» ብሎ ለመጻፍ ግን ወረቀት መላክ አያስፈልግም ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

መጋቢት ላይ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ግንቦት ላይ ይደርሳችሁ ነበር። ሰኔ ላይ፣ በዚያ መሥሪያ ቤት፣ በዚያ ሰውዬ ፊት መሠረቱ እጃቸው ላይ ይሰበሰብ ነበር። ይህን አስልቼ ጨርሻለሁ። «ወረቀት ያቃተው እጅ» ብለው የተናገሩት ቃል ከጆሮዬ አይጠፋም። ያንን ያመኑት በኔ ምክንያት ነው፤ ያንን እያመኑ ሞቱ።

ይቅር በይኝ ማለት እንኳ ይከብደኛል።

አብዱልወሃብ


ባሕር ዳር
ሰኔ 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብዱልወሃብ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። አላህ ከጸጸት የሚያወጣህን መንገድ ያሳይህ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሦስተኛ ጊዜ አላነበውም። እኔም የምነግርህ አለኝ። እስከ ዛሬ ያልነገርሁህ አባባ ስለከለከሉኝ ነው።

ነሐሴ ላይ ነው። ዝናቡ ጠዋት የጀመረ አላባራ ብሎ ቤት ውለን ነበር። አባባ ወረቀቱን ከነኩት ሁለት ወር አልፏቸዋል። ድንገት «ያን የአብዱን ዋናውን አምጪልኝ» አሉኝ። አመጣሁ። «ዓይኔ ደክሟል፤ ቁጠሪልኝ። መስመሮቹ በሚገናኙበት ነጥብ ሁሉ፣ ስንት ስንት ይደርሳል?»

ቆጠርሁላቸው። አራት፣ ስድስት፣ አራት፣ ስምንት፣ ስድስት እያልሁ ወረድሁ። በእግሩ በኩል መጨረሻው ነጥብ ላይ ስደርስ «አምስት» አልሁ።

«ድገሚው።»

«አምስት ነው፣ አባባ።»

«ሌላ ጎዶሎ አለ?»

ሁሉንም እንደገና ቆጠርሁ። ሌላው ሁሉ ጥንድ ነው፤ ጎዶሎው እሱ ብቻ። አባባ ጭናቸውን መታ አድርገው «እዚያ ላይ አንድ መስመር ጎድሎታል! ግራና ቀኙን ሳስተያይ ከረምሁ፤ ለካ መሃሉ ላይ ኖሯል! ታንኳም እኮ እንዲህ ነው፤ ሰው ጎንና ጎኑን ሲያይ መሃሉ ይላላበታል» አሉ። ያ ነጥብ ወረቀቱ ሁልጊዜ ሊታጠፍ የሚፈልግበት፣ እሳቸው የሚያቃኑት ቦታ ነበር። ቀድሞ ካጠፏቸው አንዱን አንሥተው በጥፍራቸው ከነጥቡ እስከ ጥጉ ሳቡት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ከግራና ቀኝ ሲገፉት ያ ስንት ወር ያስለቀሰን ወረቀት ጭብጥ ብሎ ገባ። ዝም ብሎ ተኛ። ሁለት ክንፍ፣ አንድ አንገት፣ ሁለት እግር። መሠረቱ እጃቸው ላይ ነበር።

ስለዚህ «ያንን እያመኑ ሞቱ» ያልኸው ልክ አይደለም። በማግስቱ ደሞዝን አስጠርተው «ደንገልህ ደርቋል? አምጣና ልየው» ብለውታል። እስኪተኙ ድረስ የመጣውን ሁሉ ይመክሩ ነበር። ይህ ይቅለልህ። የሚከተለው ግን አይቀልልህም።

እስክሪብቶ አንሥቼ ልጽፍልህ ስል እጄን ያዙኝ። «አትጻፊለት» አሉ።

«ለምን? ደስ አይለውም?»

«ስህተቱን አንቺ አትንገሪው። የጀልባ ሰው ሊሆን ነው፤ ሥራውን መለስ ብሎ ያያል። አይቶ ‹አባባ፣ ተሳሳትሁ› ብሎ ሲጽፍልኝ፣ ያን ጊዜ ‹እኔ ጨርሼዋለሁ› እለዋለሁ። እኩል እንስቃለን።» ይህን ሲሉ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ነበር።

የመስከረሙ ደብዳቤህ ጥቅምት ላይ ደረሰ። አነበብሁላቸው። «ድገሚልኝ» አሉ። ደገምሁ።

«ስለ ሽመላው ምን ይላል?»

«ወረቀት አልልክም ነው የሚለው።»

«የት ደረሳችሁ አይልም?»

«አይልም።»

አባባም «ስህተቱን ያላየ ሰው ይጠይቃል። ይህ አይቶታል» አሉ።

«እንግዲያው ልጻፍለትና ይገላገል።»

«ተይው። በሰው አገር ያለ ሰው ኀፍረቱ ይበዛል። ራሱ ይጻፍልኝ፤ እጠብቀዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ከፖስታ ቤት በተመለስሁ ቁጥር «መጣ?» አይሉኝም። ቀና ብለው እጄን ብቻ ያያሉ። ባዶ ሲሆን ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ኅዳር 16 ቀን እስኪተኙ ድረስ እንዲህ ነበር።

ሞታቸውን የጻፍሁልህ ዕለት ይህን ሁሉ እያወቅሁ ዝም አልሁህ። የአባባን ቃል ለመጠበቅ ብቻ አይደለም፤ ቂምም ነበረብኝ። እሱንም ልንገርህ። ደግሞ ነሐሴ ላይ ተደብቄ በቴሌግራም ሁለት ቃል ብልክልህ ምን ይሆን ነበር እያልሁ አስባለሁ። ትጽፍላቸው ነበር። ሳይተኙ ይደርስ ነበር። አንተ በኀፍረት፣ እኔ በመታዘዝ ዝም አልን፤ እሳቸው ከሁለታችን ዝምታ መሃል አለፉ። ስለዚህ ይቅር በይኝ ካልህ እኔም ይቅር በለኝ እልሃለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። መስከረም እመጣለሁ ብለህ ነበር፤ መስከረም አለፈ። እስከ መጋቢት ብቻ ነው አልህ፤ መጋቢት አለፈ። በመጨረሻው ደብዳቤህ ስለ መመለስ አንዲት ቃል የለም። ያላየሁት አይምሰልህ። የምትመለስ ካልሆነ «አልመለስም» ብለህ ጻፍልኝ። አልቆጣህም። ቃሉን ግን በገዛ እጅህ ጻፈው፤ እኔ እንደ አባባ መጠበቅ አልችልበትም።

እህትህ መዲና መስዑድ